በብሪጅ ጨረታ «ደብል» ምን ይናገራል?

አቡ ዳቢ፦ አል አይን እ.ኤ.አ. በ2013 የዓለም ወጣቶች የቼዝ ሻምፒዮናን ማስተናገዷ ይታወሳል። ሌላው የአእምሮ ስፖርት ብሪጅ ግን በአማርኛ ተናጋሪ ነዋሪዎች ዘንድ እምብዛም አይታወቅም። አራት ሰዎች ሁለት ለሁለት ተጣምረው በ52 ካርታ የሚጫወቱት ይህ ውድድር በ2018 የጃካርታ የእስያ ጨዋታዎች የሜዳልያ ስፖርት ሆኖ ቀርቧል። ጀማሪን ይበልጥ የሚያስቸግረው ጨረታው ነው።

አጣማሪዎች ስለያዙት ካርታ የሚገላለጡት በተፈቀዱ ጥቂት ጥሪዎች ብቻ ነው። «ደብል» መጀመሪያ «የጠራችሁትን አትፈጽሙትም» በማለት ቅጣትን ማሳደጊያ ነበር። ይሁንና ተጋጣሚ ገና በአንድ ልብ ሲከፍት ለእንዲህ ያለው ቅጣት የሚበቃ ካርታ የሚገኘው ከስንት አንዴ ነው። ስለዚህ ጥሪው ሌላ ትርጉም ተሰጠው፦ «ልብ የለኝም፤ ከቀሩት ሦስት ዓይነቶች የሚሻልህን ጥራ»።

ለምሳሌ አንድ ተጫዋች አራት ስፔድ ከነአሱና ከነንግሥቲቱ፣ አንድ ትንሽ ልብ፣ አራት ዳይመንድ ከነንጉሡና ከነጃኩ፣ አራት ክለብ ከነንጉሡ ቢይዝ፣ አስ 4፣ ንጉሥ 3፣ ንግሥት 2፣ ጃክ 1 ተብሎ ሲቆጠር 13 ነጥብ አለው፤ ደብል ማለት ይገባዋል። አጣማሪው ባዶ እጁን ቢሆንም እንኳ መጥራት ግዴታው ነው። ጀማሪዎች አብዝተው የሚሳሳቱትም እዚህ ላይ ነው፤ «ምንም የለኝም» ብሎ ዝም ያለ አጣማሪ፣ 80 የነበረውን የተጋጣሚ ውጤት ወደ 160 ያሳድገዋል። ተጋጣሚ ከጠራው በላይ ካሸነፈ ደግሞ በእያንዳንዱ ዙር ቢያንስ 100 ይጨመርበታል።

በ1957 አሜሪካውያኑ አልቪን ሮዝና ቶቢያስ ስቶን ሌላ ዓይነት ደብል አስተዋወቁ፤ ሳተላይቷ በመጠቀችበት ዓመት በመምጣቱም «ስፑትኒክ» ተባለ። አጣማሪ በአንድ ዳይመንድ ከፍቶ ተጋጣሚ አንድ ስፔድ ቢል፣ አራት ልብና 8 ነጥብ ያለው ሰው ሁለት ልብ ሊጠራ አይችልም፤ ያ ጥሪ አምስት ልብና የበለጠ ጉልበት ይጠይቃልና። ደብል ግን አራቱን ልብ ሳያጋንን ያሳያል።

ስምምነቱ ምስጢር ሊሆን አይችልም፤ ተጋጣሚ ከጠየቀ ትርጉሙ ይነገረዋል፣ በድምፅ ቃና ወይም በፊት ገጽታ ምልክት መስጠትም ክልክል ነው። ብሪጅ ያለ ገንዘብ የሚካሄድ ውድድር ነው፤ በኤምሬቶች ያልተፈቀደ ቁማር በሕግ ስለሚያስጠይቅ፣ በመኖሪያ ቤትም ቢሆን ውርርድ ሊገባበት አይገባም። አዲስ አጣማሪዎች ከመቀመጣቸው በፊት ስፑትኒክ እስከ ስንተኛው ጥሪ እንደሚሠራ ይስማሙ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ እስከ ሁለት ስፔድ በቂ ነው።