የሰርዶ እሳትና የተንዳሆ እንፋሎት

ከሰመራ ወደ ጋላፊ በሚወስደው አውራ ጎዳና የሚጓዝ መንገደኛ ሰርዶ ሲደርስ የሚያየው ከባድ መኪናዎችን፣ ወደ አፍዴራ የሚገነጠለውን መንገድና በፀሐይ የጠቆረውን ድንጋይ ነው። ከእግሩ በታች ያለውን ግን አያይም። እኛም ዛሬ ለአንባቢዎቻችን ልንገልጽ ያሰብነው ይህንኑ ከምድር በታች ያለውን ሀብት፣ ይኸውም የእንፋሎትን ኀይል ነው።

እንፋሎት ለአገራችን እንግዳ አይደለም። «ባቡር» የምንለው ቃል ራሱ በዐረብኛ በኩል የደረሰን ሲሆን፣ ሥሩ እንፋሎት ማለት የሆነው የኢጣልያንኛው «ቫፖሬ» ነው። ሕዝባችንም በሐዲድ የሚሄደውንና እህል የሚፈጨውን መኪና ሁለቱንም ባቡር ብሎ ጠራቸው። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. ደግሞ አዋሽን ተሻግሮ አዲስ አበባ ሲገባ ፉርጎውን የሳበው እንፋሎት ነበር። ነገር ግን የዚያ ዘመን ባቡር ውሃና ማገዶ ካላገኘ አንድ እርምጃ አይራመድም። የአፋር ምድር እንፋሎት ግን ማገዶ አይጠይቅም፤ እሳቱ ከታች ነው።

ይህን ከሁሉ አስቀድሞ ያወቀው የአገሩ ሰው ነው። አፋሮች ከመሬት የሚወጣውን እንፋሎት «ቦይና» ይሉታል። ወንዝና ጉድጓድ በሌለበት ስፍራ በእንፋሎቱ መውጫ ላይ ድንጋይ ከምረው፣ በቅጠልና በሣር ሸፍነው፣ ትነቱ ቀዝቅዞ ጠብ ጠብ ሲል አጠራቅመው ይጠጡታል፤ ከብታቸውንም ያጠጡበታል። መሐንዲስ ሳያስተምራቸው እንፋሎትን ለሥራ ያዋሉ እነዚህ ሰዎች ምስጋና ይገባቸዋል።

የእሳቱ ምክንያት ምንድን ነው? ሊቃውንት እንደሚያስረዱት ሦስት ታላላቅ የመሬት ቅርፊቶች፣ ማለት የዐረብ፣ የኑብያና የሶማሌ፣ አንዱ ከሌላው የሚለያዩት በአፋር ነው። ቅርፊቱ በሳሳበት ቦታ የቀለጠ ድንጋይ ወደ ላይ ይቀርባል። ወደ ውስጥ የሰረገ ውሃም በዚያ ይግላል፤ ከላይ ያለው ክብደት ስለሚጫነው ግን መቶ ዲግሪ አልፎ እንኳ ሳይፈላ ይቆያል። መውጫ ሲያገኝና ጭነቱ ሲቀልለት በድንገት ወደ እንፋሎት ይለወጣል። በዱብቲ አጠገብ ያለው የአላሎበዳ ፍልውሃ የሚንተከተከው በዚህ ምክንያት ነው።

ይኸው ኀይል ሲቈጣ ደግሞ ያጠፋል። መጋቢት 20 ቀን 1961 ዓ.ም. ሰርዶን ብርቱ የምድር መንቀጥቀጥ መታት። በሳምንቱ መጋቢት 27 ቀን ደግሞ ሌላ ተከተለ። ቤቶች ፈረሱ፤ መሬቱ ተሰነጠቀ፤ ሰዎችም ሞቱ፣ ቆሰሉም። እንግዲህ ሰርዶን ያፈረሰውና የተንዳሆን ውሃ የሚያፈላው የአንድ ምድር መከፈት መሆኑን ልብ እንበል።

የተንዳሆ እንፋሎት ጥናት የተጀመረው በዚያው ዘመን አካባቢ በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት እርዳታ ነው። ኋላም ከ1986 እስከ 1990 ዓ.ም. በኢጣልያ መንግሥት ትብብር በዱብቲ የጥጥ እርሻ አካባቢ ስድስት ጉድጓዶች ተቆፈሩ። ከእነዚህ ሦስቱ ጥልቅ ሲሆኑ፣ ከሁሉ የጠለቀው ከሁለት ሺህ ሜትር ያልፋል። ከ250 ዲግሪ በላይ የሆነ ሙቀትም ተገኘ። ይሁን እንጂ ይህ እንፋሎት ለረጅም ዓመታት ሥራ ሳይዝ ቆየ።

ሌሎች ምን አደረጉ? በኢጣልያ ላርደሬሎ በምትባል ስፍራ ልዑል ፒዬሮ ጂኖሪ ኮንቲ በ1896 ዓ.ም. በምድር እንፋሎት አምስት አምፑል አበሩ። ጎረቤታችን ኬንያ በ1973 ዓ.ም. በኦልካሪያ በ15 ሜጋ ዋት ጀምራ ዛሬ ከ800 ሜጋ ዋት በላይ ደርሳለች። እኛም በላንጋኖ አጠገብ በአሉቶ 7.3 ሜጋ ዋት የሚሰጥ ጣቢያ በ1990 ዓ.ም. አካባቢ አቁመን ነበር፤ ዳሩ ግን ብዙም ሳይቆይ በአሠራርና በጥገና ጉድለት ተቋረጠ፤ ከዓመታት በኋላም በከፊል ብቻ ተጠገነ።

ችግሩ ሁለት ነው። አንደኛው ገንዘብ ነው፤ ጉድጓዱ እንፋሎት መስጠቱ የሚታወቀው ብዙ ወጪ ከወጣበት በኋላ ነውና። ሁለተኛው ሰው ነው። በእንፋሎቱ ውስጥ ያለው ማዕድን ቧንቧ ይደፍናል፤ ብረትም ይበላል። ስለዚህ መኪናውን ከመትከል ይልቅ ዕለት ዕለት መጠበቁ ይከብዳል። የአሉቶ ትምህርት ይህ ነው፤ ሪባን የሚቆረጥበት ቀን አንድ ነው፤ ጥገናው ግን የዘወትር ነው።

ስለዚህ በትምህርት ላይ ያላችሁ ወጣቶች የምድርን ጠባይና የመኪናን ሥራ አጥብቃችሁ ተማሩ። በሥራ ላይ ያላችሁ ወጣት ሹማምንትም በጀት ስትይዙ ከመሠረት ድንጋዩ ጋር የመለዋወጫውንና የሠራተኛውን ሥልጠና አትርሱ፤ በሰርዶም ቤት ሲሠራ መንቀጥቀጥን የሚችል እንዲሆን ተቆጣጠሩ። ከምድሩ እሳት መሸሽ አይቻልም፤ ተጠንቅቆ አብሮ መኖርና ማሠራት ግን ይቻላል።