በፈጣን ፑንታ ላይ ኃይልን መለካት

ብረት የሚበሳ ፑንታ ወደ ታች እየገፋ ዙሪያውን ይቆርጣል። ከግፊቱ ሰፊውን ድርሻ የሚይዘው ጫፉ ላይ ያለችው አጭር ጠርዝ ናት፤ መሃሏ የሚዞርበት ፍጥነት ለዜሮ ስለሚቀርብ ብረቱን ከመቁረጥ ይልቅ ትደፈጥጠዋለች። የማዞሩ ኃይል፣ ማለትም ቶርኩ፣ በአብዛኛው የሁለቱ ስለቶች ዕዳ ነው። ጥልቅ ቀዳዳ ውስጥ ፍቅፋቂው መውጫ ሲያጣ መጀመሪያ የሚያሻቅበው ቶርኩ ነው። ስለዚህ ግፊቱና ቶርኩ ለየብቻ ይለካሉ።

መለኪያው ዳይናሞሜትር ይባላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ከሚበሳው ዕቃ ሥር ይታሰራል። ርካሹ ዓይነት የሚሠራው በስትሬይን ጌጅ ነው። ሽቦ ሲለጠጥ የኤሌክትሪክ መቋቋሙ እንደሚለወጥ ሎርድ ኬልቪን እ.ኤ.አ. በ1856 አሳይቶ ነበር። ብረት ላይ የሚለጠፈውን ጌጅ ግን ኤድዋርድ ሲመንስና አርተር ሩጅ አሜሪካ ውስጥ በየፊናቸው የሠሩት በ1938 ነው። ይህን ዓይነቱን ዳይናሞሜትር ተማሪ እንኳ ወርክሾፕ ውስጥ ሊሠራው ይችላል፤ ለዘገምተኛ ትራፓኖም ይበቃል።

ጣጣው ፍጥነት ሲመጣ ነው። በደቂቃ 30,000 ጊዜ የሚዞር ባለ ሁለት ስለት ፑንታ መሣሪያውን በሰከንድ 1,000 ጊዜ ይመታዋል። የመሣሪያው የራሱ ተፈጥሯዊ ድግግሞሽ ለዚህ ቁጥር ከቀረበ፣ ሥጋ በድንገት እንደተጣለበት የሉካንዳ ሚዛን ይርገበገባል፤ የሚታየው ቁጥርም የፑንታው ሳይሆን የራሱ ንዝረት ይሆናል። መፍትሔው መሣሪያውን ማጠንከርና ማቅለል ነው። ክብደቱ ሳይጨምር ድግግሞሹን እጥፍ ለማድረግ ግን ጥንካሬው አራት እጥፍ ማደግ አለበት፤ ጌጁ ደግሞ ካልተለጠጠ አይናገርም።

ከዚህ አጣብቂኝ ያወጣው ኳርትዝ ነው። የኩሪ ወንድማማቾች በ1880 እንዳገኙት፣ አንዳንድ ክሪስታሎች ሲጨመቁ የኤሌክትሪክ ቻርጅ ያመነጫሉ፤ ይህም መጠናቸው እምብዛም ሳይለወጥ ነው። ስዊዘርላንዳዊው ዋልተር ኪስትለር በ1950 ፓተንት ያወጣበት ቻርጅ አምፕሊፋየር ያንን ጥቃቅን ቻርጅ ለመለካት አበቃ። ቻርጁ ቀስ እያለ ስለሚያመልጥ ለረጅም ጊዜ የማይለዋወጥ ጭነት አይመችም፤ በሰከንዶች ለሚያልቅ ቀዳዳ ግን ይህ እንከን አይቆጠርም። ዋጋው ግን ኪስ ይጎዳል።

ልኬቱ ዋጋ የሚያወጣው አውሮፕላን ሥራ ላይ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ የሚያበርረው ቦይንግ 787 ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ኮምፖዚት፣ ማለትም በአብዛኛው በሙጫ የተያያዙ የካርቦን ንጣፎች፣ ነው። ግፊቱ ከልክ ካለፈ ፑንታው ሊወጣ ሲል የመጨረሻዎቹን የካርቦን ንጣፎች ይገነጥላቸዋል፤ ጉዳቱም ከላይ ላይታይ ይችላል።

ብዙ ሰው መሣሪያውን በታወቀ ክብደት ብቻ ፈትሾ ይረካል። ይህ ለፈጣን ፑንታ አይበቃም፤ የሚበሳው ዕቃ እንደታሰረበት የምቱን ኃይል በሚለካ መዶሻ ተመትቶ ድግግሞሹ መታወቅም አለበት፤ ዕቃው ክብደት ስለሚጨምር በካታሎጉ የተጻፈው ድግግሞሽ ይወርዳልና። የኃይል ግራፍ የሚቀርብለት አንባቢ አስቀድሞ ዕቃው ታስሮ የተለካውን ድግግሞሽ ይጠይቅ።