ሳጥን ውስጥ የከረመችው ባለ ስድስት ጎማ መኪና
(የድምፅ ዝግጅታችን በጽሑፍ)

የዛሬው ወሬያችን ስለ ትናንሽ የውድድር መኪናዎች ነው። መጫወቻ ማለቴ አይደለም። ከሳጥን ውስጥ መቶ ምናምን ቁራጭ ሆነው ወጥተው፣ ሰው በእጁ አጣብቆ፣ ቀብቶ፣ ጎማ አስገብቶ የሚያቆማቸው ሞዴሎች ናቸው። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ስሠራቸው ኖሬአለሁ። ባለቤቴ «ጣውንቶቼ» ትላቸዋለች (ሳቅ)።

ርዕሱን ያመጣው ማማዱ ነው። እንደምታውቁት ማማድ ለክፉ ቀን የተሠራ ክፍል ነው፤ በደህናው ቀን ግን ለብዙዎቻችን የዕቃ ማጎሪያ ነው። ሲረን በበዛበት ሰሞን እኛም እንደ ሰዉ ማማዳችንን ባዶ ማድረግ ነበረብንና ከላይኛው መደርደሪያ አንድ ሳጥን አወረድኩ። ሃያ ምናምን ዓመት ያልተነካ ሳጥን። ከወታደርነት እንደወጣሁ በመጀመሪያ ደሞዜ የገዛኋት ባለ ስድስት ጎማዋ ቲረል ናት። ለምን እስከ ዛሬ አልሠራኋትም? «አሁን ባበላሻትስ? እጄ ይበልጥ ይሰልጥንና እደርስባታለሁ» እያልኩ ነዋ! ሳጥኑን ስከፍት ያየሁትን ቆይቼ እነግራችኋለሁ። መጀመሪያ ነገሩ ምን እንደሆነ ላስረዳ። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው።

ሳጥኑ ላይ «1 ለ24» ወይም «1 ለ20» የሚል ቁጥር ታያላችሁ። 1 ለ24 ማለት እውነተኛዋ መኪና ሃያ አራት ጊዜ ታንሳ ማለት ነው። 4 ሜትር ከ80 የምትረዝም መኪና ብትሆን በ1 ለ24 ልክ 20 ሴንቲ ሜትር ትሆናለች፤ በ1 ለ12 ደግሞ 40 ሴንቲ ሜትር፣ ማለትም መደርደሪያችሁን ጠቅልላ የምትይዝ ትሆናለች። 1 ለ43 የሚባለው ትንሹ ልክ ከመኪና ሳይሆን ከመጫወቻ ባቡር የመጣ ነው፤ ከባቡሩ ሐዲድ ጋር እንዲመጣጠን ተብሎ የተመረጠ።

በዚህ ሥራ ስሙ የሚነሳው የጃፓኑ ታሚያ ነው። በ1946 ሺዙኦካ ከተማ ውስጥ በእንጨት ንግድ ጀምሮ፣ ወደ እንጨት ሞዴል፣ ከዚያ ወደ ፕላስቲክ የተሻገረ ድርጅት ነው። በ1967 የሆንዳን አርኤ273 የፎርሙላ አንድ መኪና በ1 ለ12 ልክ አወጣ፤ ሞተሩ፣ ማርሚታው፣ ሞላው ሁሉ አንድ በአንድ የሚገጠም። ፖርሽ 934ን ለመሥራት ሲነሱማ እውነተኛ ፖርሽ 911 ገዝተው እስከ ብሎኑ ፈታትተው ነው የለኩት። እንግዲህ ያ ሁሉ ልኬት ነው በትንሹ ተጨፍልቆ እናንተ ጠረጴዛ ላይ የሚመጣው። የመኪና ሞተር ከፍቶ የማያውቅ ሰው ሦስት አራት ሞዴል ከሠራ በኋላ አየር ከየት ገብቶ ጭስ በየት እንደሚወጣ ያውቀዋል። እኔ ስለ መኪና የማውቀውን አብዛኛውን ያወቅኩት ከሙሳኽ አይደለም፣ ከዚህ ነው።

አሁን ወደ ቲረሏ ልመለስ፤ ታሪኳ ደስ ስለሚል ትንሽ ታገሡኝ። ፒ34 ትባላለች፣ ዴሪክ ጋርድነር የሚባል እንግሊዛዊ መሐንዲስ የነደፋት ናት። የዚያን ጊዜ መኪናዎች የፊት ጎማቸው ትልቅ ስለነበር ነፋሱን ይገትሩት ነበር። ሰውየው ሁለቱን ትልልቅ ጎማዎች አውጥቶ አራት ትናንሽ፣ ባለ 10 ኢንች ቸርኬ አደረገላት። ትናንሾቹ ከአፍንጫዋ ኋላ ይደበቃሉ፣ መሬቱን የሚነካው ጎማ ግን አራት ስለሆነ ትይዛለች፣ ፍሬኗም ይበረታል። በ1976 በስዊድን፣ አንደርስቶርፕ ላይ አንደኛም ሁለተኛም ሆና ገባች! አንደኛ የወጣው ጆዲ ሼክተር ነው፤ የደቡብ አፍሪካ አይሁዳዊ። በ1979 ደግሞ በፌራሪ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ፤ እስካሁን ከአፍሪካ የተገኘ ሌላ የፎርሙላ አንድ ሻምፒዮን የለም። እኔ ይህን በልጅነቴ መጽሔት ላይ ሳነብ፣ አፍሪካዊም አይሁዳዊም የሆነ ሻምፒዮን አለ ብዬ መርከዝ ክሊታውን ዞሬ ለሰው ሁሉ አወራሁ። የሰማኝ ግን አልነበረም፤ ሰዉ የቤት ጉዳይ ነበረበት።

መኪናዋ ከስዊድን በኋላ ሌላ ድል አላገኘችም። የሌሎቹ ጎማ በየጊዜው ሲሻሻል ለእሷ ብቻ የሚሠራው ትንሹ ጎማ ወደ ኋላ ቀረ። በኋላም ከአራት ጎማ በላይ በደንብ ተከለከለ። ለሞዴል ሠሪ ግን እንደ እሷ ያለች የለችም። ሾፌሩ ትናንሾቹን ጎማዎች እንዲያያቸው ከመሪው ግራና ቀኝ መስኮት አላት! በ1 ለ20 ልክ ያ መስኮት ከጥፍር ያንሳል፤ የፊቱ ቸርኬ የሸሚዝ ቁልፍ ያክላል፣ 13 ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ቁራጮቹ በፕላስቲክ ዘንግ እንደተያያዙ ይመጣሉ። መጀመሪያ በሳሙና ታጥባላችሁ፣ ፋብሪካው ከቅርጹ እንዲላቀቅ የሚቀባው ቅባት ስላለበት። ያንን የዘለለ ሰው ቀለሙ እንደ እባብ ቆዳ ሲላጥበት ያየዋል። ከዚያ በቀጭን ፒንሳ እየቆረጡ፣ ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት እየላጉ፣ በወረንጦ እየያዙ መግጠም ነው። የፕላስቲክ ሞዴል ማጣበቂያ ከተራ ሙጫ ይለያል፤ የሁለቱን ቁራጭ ፊት አቅልጦ አንድ ያደርጋቸዋል፣ እንደ ብየዳ በሉት። ስለዚህ ጠብታው ከበዛ መኪናዋን ይበላታል። በጣታችሁ ላይ ቀርቶ ቦዲውን ከነካችሁትማ አሻራችሁ እዚያው ታትሞ ይቀራል። እኔ እስከ ዛሬ አሻራዬ ጣሪያዋ ላይ ያለ አንዲት ላንቻ አለችኝ።

ቀለሙ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚቸኩለው። አስቡት፣ የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ ውፍረት ያለው ቀለም በ1 ለ20 መኪና ላይ ማለት በእውነተኛዋ ላይ 2 ሚሊ ሜትር መለሰን ማለት ነው። ጭቃ ምርጊት ነው የሚመስለው! ስለዚህ ስስ፣ ስስ እያደረጉ፣ እያደረቁ መደራረብ ነው። እኔ ዓርብ ከሰዓት ሚርፔሴት ላይ ወጥቼ እረጫለሁ፣ በካርቶን እከድነዋለሁ። ሰንበት ከገባ በኋላ የሚነካው የለም፣ ቅዳሜ ማታ አውጥቼ አያለሁ። ከሰንበት የተሻለ ቀለም ማድረቂያ አላገኘሁም። ሻራቭ የሚነፍስበት ቀን ግን አይሞከርም፤ አሸዋው በሙሉ ቀለሙ ላይ ነው የሚያድረው። ደግሞ እባካችሁ፣ ቀለምና ተነር በዝግ ክፍል ውስጥ፣ በተለይ በማማድ ውስጥ፣ ልጆች ባሉበት አትጠቀሙ። የአፍ መሸፈኛውም ለአቧራ የሚሆነው ሳይሆን ለቀለም ትነት የሚሆነው መሆን አለበት።

በመጨረሻ ዲካል አለ፤ በውሃ ተነክሮ ከወረቀቱ እየተንሸራተተ የሚለጠፈው ጽሑፍና ቁጥር። የድሮ መኪናዎች የሲጋራ ማስታወቂያ ተሸክመው ይሮጡ ስለነበር አሁን የሚወጡት ሳጥኖች ውስጥ ብዙ ጊዜ ያ ስም ተዘልሏል፤ ለብቻ ነው የሚፈለገው።

እንግዲህ ሳጥኑን ስከፍት ምን አየሁ? የማን ፋብሪካ እንደሆነ ይቅር፣ ሳጥኑን ማማድ ውስጥ ያከረምኩት እኔ ነኝ። ዲካሉ እንደ ሽሮ ቢጫ ሆኗል። ከዚያ የባሰው ጎማው ነው። ለስላሳው ጎማ ልስላሴ እንዲኖረው የተጨመረበት ኬሚካል አለ፤ በዓመታት ውስጥ ቀስ እያለ ይወጣና የነካውን ፕላስቲክ ያቀልጣል። ሁለት ጎማዎች ከከረጢታቸው ወጥተው ቦዲው ላይ ተኝተው ኖሯል፤ የጎማው ጥርስ ልክ እንደ ማኅተም ፕላስቲኩ ውስጥ ገብቷል። እኔ ለእሷ የሚመጥን እጅ እስካገኝ እየጠበቅኩ፣ እሷ ሳጥን ውስጥ እያለቀች!

እጄስ ቢሆን? አርባ አምስትን ካለፍኩ ወዲህ ቅርብ ያለ ነገር ይደበዝዝብኛል፣ የማንበቢያ መነጽር ላይ አጉሊ መነጽር ደርቤ ነው የምሠራው። ማታ ከሥራ በኋላ ጣቴ ትንሽ ይንቀጠቀጣል። በሃያ ሁለት ዓመቴ ችሎታ አልነበረኝም፣ ዓይን ግን ነበረኝ። እንዲያ ያለ ሂሳብ ነው።

እዚህ ላይ እናቴ ትዝ አለችኝ። እኛ የወለቃ ሰዎች ነን፤ እንግዲህ ጎንደርን የሚያውቅ ወለቃን ያውቃል። እናቴ ለቱሪስት የሚሸጥ ትናንሽ የሸክላ አንበሳና ሰው ትሠራ ነበር፣ አባቴ ማረሻና ማጭድ ይቀጠቅጥ ነበር። የእጅ ሥራ በዚያን ጊዜ ምን ያሰኝ እንደነበር ታውቃላችሁ፤ «ቡዳ» ያሰኝ ነበር። እኛ ልጆቹ ከአባቴ ወናፍ ሥር ሽቦ እየለቀምን፣ ቆርኪ ጎማ አድርገን መኪና እንሠራ ነበር። እናቴ አንዱ አንበሳ እሳት ውስጥ ሲሰነጠቅባት «አፈሩ አላለቀ» ብላ ሌላ ታድቦለቡላለች። ለየትኛውም አንበሳ እጇ እስኪሰለጥን አልጠበቀችም፤ በሳምንት ስንቱን ትሠራ ነበር መሰላችሁ! እዚህ ከመጣን በኋላ የመጀመሪያ ሞዴሌን፣ ጎማዋ የማይዞር ቅርጸ ብልሹ መኪና፣ አገላብጣ ካየቻት በኋላ የጠየቀችኝ ስንት ቀን እንደፈጀብኝ ብቻ ነው።

ቲረሏን ጀምሬአታለሁ። የቀለጠውን ቦታ በስቱኮ ሞልቼ ላግኩት፤ ከቀለም በታች ስለሚሆን አይታይም። ዲካሉን መስኮት ላይ በፕላስተር ለጥፌ ለፀሐይ ሰጠሁት፤ የዚህ አገር ፀሐይ ለአንድ ነገር እንኳ ትጥቀም፣ በአንድ ሳምንት ቢጫው ብዙ ለቀቀ። ያረጀ ዲካል ውሃ ሲነካው ስለሚበጣጠስ ላዩን ስስ ቫርኒሽ ረጭቼበታለሁ። እንዲህ ከተደረገ በኋላ ሁሉም አንድ ቆዳ ስለሚሆን እያንዳንዱን በመቀስ መለየት ያስፈልጋል። መጀመሪያ በማትፈልጉት ቁጥር ሞክሩት። ያልተሠራ ሳጥን ያላችሁ ደግሞ ዛሬውኑ ክፈቱና ጎማዎቹን ለብቻ በትንሽ ፌስታል አድርጉ።

መጀመር የምትፈልጉ፣ በተለይ ጡረታ የወጣችሁ፣ በ1 ለ24 ቀላል መኪና ጀምሩ። ፒንሳ፣ ብርጭቆ ወረቀት፣ ማጣበቂያ፣ አንድ ጣሳ ስፕሬይ፣ በቃ። ውድ የቀለም መርጫ መሣሪያ ለኋላ ይቆይ። መመሪያው ሥዕል ስለሆነ ዕብራይስጥ የማያነብ አባትም ከልጅ ልጁ ጋር ይሠራዋል። እንዲያውም መንገዱን የሚያሳየው እሱ ይሆናል።

የእኔዋ አራቱ የፊት ቸርኬዎች ተገጥመዋል። አንደኛው ትንሽ ዘምሟል፣ መነጽሬን አድርጌም አላየሁትም ነበር፤ ትንሿ ልጄ ናት ያሳየችኝ። ልንቀለው ወይስ እንተወው እያልን ነው። ዓርብ አየሩ ደህና ከሆነ ሰማያዊውን ቀለም እረጫለሁ።

ለዛሬ በዚሁ እንለያይ፤ በደህና ሰንብቱ።