በሳሙና መጠቅለያ ላይ የሚፈለግ ሰይጣን

የሰው ልጅ ምንጩን በማያውቀው ነገር ላይ ምስጢር መፈለጉ ዛሬ የተጀመረ ጠባይ አይደለም። ዕቃው ከሩቅ አገር የመጣ፣ ምልክቱ ያልተለመደ፣ ጽሑፉም የማይነበብ በሆነ ጊዜ፣ ጠይቆ ከመረዳት ይልቅ ጠርጥሮ መፍራት ይቀለዋል። በእንጅባራና በዳንግላ፣ እንደ ሌላውም የአገራችን ከተማ ሁሉ፣ የልብስ ሳሙናው፣ የታሸገው መጠጥ፣ ብስኩቱና የሕፃናቱ ሽንት ጨርቅ ከየአገሩ መጥቶ በሱቅ መደርደሪያ ላይ ተሰልፎ ይታያል። ከዕቃው ጋርም «ይህ ምልክት የሰይጣን ነው፤ ያ ቁጥር የአውሬው ነው» የሚል ወሬ፣ ቀድሞ ከአፍ ወደ አፍ፣ ዛሬ ደግሞ ከስልክ ወደ ስልክ ይተላለፋል። ክርስቲያን ቤተ ሰብ ይህን ወሬ በምን ሚዛን ሊመዝነው ይገባል? ይህን ለመመለስ አስቀድሞ የወሬውን ታሪክ መመልከት ይጠቅማል።

በአሜሪካ አገር፣ በሲንሲናቲ ከተማ፣ ዊልያም ፕሮክተርና ጄምስ ጋምብል የተባሉ፣ እኅትማማቾችን ያገቡ ሁለት ሰዎች እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1837 ዓ.ም. ሻማና ሳሙና የሚሠራ ድርጅት አቋቋሙ። ዛሬ በእናቶች ዘንድ የታወቀው ፓምፐርስ የዚሁ ድርጅት ምርት ነው። በዚያን ዘመን ማንበብ የማይችሉ የወደብ ሠራተኞች የሻማውን ሣጥን ከሌላው ለመለየት በላዩ ምልክት ይጭሩበት ነበር፤ ያም ምልክት እያደር ኮከብ ሆነ። ኋላም የሰው ፊት ያላት ጨረቃና 13 ከዋክብት ተሣሉበት። ከዋክብቱ አሜሪካን የመሠረቱትን 13 ግዛቶች ለማስታወስ የተደረጉ ነበሩ።

ከመቶ ዓመት በላይ ማንንም ያላስፈራው ይህ ሥዕል በ1970ዎቹ (እንደ እኛ አቆጣጠር) መጀመሪያ ላይ በድንገት የሚያስፈራ ሆነ። በጨረቃው ጢም ጠምዛዛ ላይ 666 ይነበባል ተባለ። የድርጅቱ አለቃ በቴሌቪዥን ቀርቦ ትርፉን ለሰይጣን ማኅበር እንደሚሰጥ ተናገረ ተብሎም ተወራ። እንዲህ ያለ ንግግር ግን ከቶ አልተደረገም፤ ተናገረበት የተባለው የቴሌቪዥን ዝግጅትም ነገሩ ሐሰት መሆኑን ገለጸ። ቢሆንም በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች እየደወሉ ድርጅቱን ስለ ጠየቁ፣ በ1977 ዓ.ም. ምልክቱን ከዕቃዎቹ መጠቅለያ ላይ ለማንሣት ወሰነ።

ወሬው ግን በዚህ አልቆመም። በኋላ ከሚያሠራጩት ሰዎች መካከል የተፎካካሪው የአምዌይ ድርጅት ዕቃ አከፋፋዮች የነበሩ ሰዎች ተገኙ። ነገሩ ለብዙ ዓመታት በፍርድ ቤት ሲታይ ቆይቶ፣ በመጋቢት 1999 ዓ.ም. በሶልት ሌክ ሲቲ የተሰየሙ ዳኞች በአራት የቀድሞ አከፋፋዮች ላይ የ19.25 ሚሊዮን ዶላር ካሣ ፈረዱ። እንግዲህ በመንፈሳዊ ቅናት ስም ሲነገር የኖረው ወሬ ለገበያ ሽሚያም ያገለግል እንደ ነበር ከዚህ ይታያል። «ወሬ ሲነግሩህ ሐሳብ ጨምርበት» ያሉት አባቶቻችን እንዲህ ያለውን ነገር ጠንቅቀው ያውቁት ነበር።

እንዲህ ያለው ጥርጣሬ የክርስቲያኖች ብቻ አይደለም። በግብፅ አገር፣ የኮካ ኮላ ስም በመስተዋት ተገልብጦ ሲታይ በዐረብኛ እስልምናን የሚሳደብ ቃል ይሆናል ተብሎ ተወርቶ ነበር። ጽሑፉ ግን በ1886 እ.ኤ.አ. በአትላንታ ከተማ፣ ስለ ዐረብኛ ፊደል ምንም ሳይታሰብ የተጻፈ ነው። በ1992 ዓ.ም. የግብፅ ታላቁ ሙፍቲ ነገሩ ተመርምሮ ከቀረበላቸው በኋላ በጽሑፉ ላይ ሃይማኖትን የሚነካ ነገር እንደሌለ አስታወቁ። ፊደልን ገልብጦ፣ ሥዕልን አዙሮ፣ መስመርን ቀጥሎ የሚፈልግ ሰው የሚፈልገውን ማግኘቱ አይቀርም፤ ያገኘው ግን በዕቃው ላይ የነበረውን ሳይሆን በራሱ ፍርሃት ውስጥ የነበረውን ነው።

በአገራችን ምእመናን ዘንድ ይበልጥ የሚያሳስበው ግን ባርኮድ የሚባለው፣ በየዕቃው ላይ ያለው የጥቁር መስመሮች ምልክት ነው። ይህ ምልክት ለመጀመሪያ ጊዜ በገበያ የተነበበው ሰኔ 19 ቀን 1966 ዓ.ም. በአሜሪካ፣ በኦሃዮ ግዛት፣ ትሮይ በምትባል ከተማ ሲሆን፣ ዕቃውም አንድ ጥቅል ማስቲካ ነበር። በግራ፣ በመካከልና በቀኝ ከሌሎቹ ረዘም ብለው የሚታዩት ሦስት ጥንድ ቀጫጭን መስመሮች እያንዳንዳቸው ስድስት ቁጥር ናቸው፣ በጠቅላላውም 666 ይሆናሉ ይባላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዚህ ጽሕፈት እያንዳንዱ ቁጥር ሰባት እኩል ስፋት ያላቸው ክፍሎች አሉት፤ ክፍሎቹም ወይ ጥቁር ወይ ነጭ ይሆናሉ። በቀኝ በኩል የሚጻፈው ስድስት በሁለት ቀጫጭን ጥቁር መስመሮች ይጀምርና ከእነርሱ በኋላ አራት ነጭ ክፍሎች ይከተሉታል። ዳርና ዳር ያሉት ረጃጅም መስመሮች ግን ሦስት ሦስት ክፍሎች ብቻ፣ የመካከሉ ደግሞ አምስት ክፍሎች ናቸው። ስለዚህ ለዐይን ቢመስሉም ቁጥር አይደሉም፤ መሣሪያውም ስድስት ብሎ አያነባቸውም። ሥራቸው ንባቡ ከየት እንደሚጀምር፣ የት እንደሚከፈልና የት እንደሚያልቅ ለመሣሪያው ማሳየት ነው። ምልክቱን የነደፉት ጆርጅ ሎረር የተባሉት መሐንዲስም መመሳሰሉ እንዲያው የአጋጣሚ ነገር መሆኑን በሕይወት ሳሉ አስረድተዋል።

ከዚህ ይልቅ የመጽሐፉን ቃል ራሱን እናስተውል። የዮሐንስ ራእይ በ13ኛው ምዕራፍ ስለ አውሬው ምልክት ሲናገር፣ በሰው ቀኝ እጅ ወይም በግንባሩ ላይ እንደሚሆን፣ ነገሩም ከአምልኮ ጋር የተያያዘ እንደ ሆነ ያመለክታል። ስለ ሳሙና መጠቅለያ አይናገርም። በ2ኛው መቶ ዓመት የነበረው ቅዱስ ሄሬኔዎስ፣ በእርሱ ዘመን እንኳ የቁጥሩን ስም ለማወቅ የሚሽቀዳደሙ ሰዎች ስለ ነበሩ፣ በችኮላ ከመገመት የትንቢቱን ፍጻሜ መጠበቅ እንደሚሻል ጽፏል። ሐዋርያው ጳውሎስም ለቆሮንቶስ ሰዎች፣ ከተማቸው በጣዖት ቤቶች የተሞላ ሳለች፣ በገበያ የሚሸጠውን ሁሉ ስለ ኅሊና ሳይመረምሩ እንዲበሉ በመጀመሪያው መልእክቱ በ10ኛው ምዕራፍ መክሯቸዋል። ምድርና ሞላዋ የእግዚአብሔር እንደ ሆነች ያመነ ሰው የገበያ ዕቃ ነፍሱን ይነጥቀኛል ብሎ አይሸበርም።

«ይህ ሁሉ የፈረንጅ ድርጅትን ቢነካ እኛን ምን ይጎዳናል?» የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ጉዳቱ ግን ከቤታችን ደጃፍ ነው። የፋብሪካው ምልክት ከመምጣቱ ከብዙ ዘመን በፊት እኛም የሠሪን እጅ ከርኩስ መንፈስ ጋር አያይዘን ስናማ ኖረናል። ብረት የሚቀጠቅጠውን «ጠይብ»፣ ሸክላ የምትሠራዋን «ቡዳ» እያልን፣ በሌሊት ጅብ ይሆናሉ፣ በዐይናቸው ሰው ይበላሉ ብለን አውርተንባቸዋል። ማረሻው የእርሱ ነው፤ እንጀራችን የተጋገረበት ምጣድ፣ ቡናችን የፈላበት ጀበና የእርሷ ነው። በቀን ከገበያ ዕቃቸውን ገዝተን፣ በማታ ዐይናቸውን ፈርተን ልጆቻችንን እንሸፍናለን፤ ጋብቻም እንነፍጋቸዋለን። የአዊ ሰው ጥር 23 ቀን በእንጅባራ ፈረሱን አስጊጦ ሲወጣ፣ ልጓሙ የቀጥቃጭ፣ የኮርቻው ቆዳ የፋቂ የእጅ ሥራ መሆኑን ማን ይክዳል?

ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት ዐዋጅ፣ ሠራተኛን በሥራው እየሰደቡ ማዋረድን ከልክለዋል። ሁሉም የአዳም ልጅ መሆኑንና፣ ብልኅ ሰው በስድብ ሥራውን ከተወ አገር ያለ ጥበብ እንደምትቀር አሳስበዋል። ዐዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ቢያልፍም ሐሜቱ ግን ፈጽሞ አልጠፋም። አንድ ሕፃን በታመመ ጊዜ «ቡዳ በላው» ተብሎ ጎረቤት ሲጠረጠር፣ ሁለት ጉዳት በአንድነት ይደርሳል፤ ሕፃኑ ወደ ጤና ጣቢያ ሳይደርስ ይዘገያል፣ ምንም ያላደረገ ቤተ ሰብም ከማኅበር፣ ከዕድርና ከጋብቻ ይገለላል። ትልቁ ድርጅት ጠበቃ ገዝቶ፣ ምልክቱን ለውጦ ሊያልፈው ይችላል። ሸክላ ሠሪዋ ግን የምትለውጠው ምልክት የላትም፤ የሚታማው ራሷ ሰውነቷ ነውና። በባልንጀራ ላይ በሐሰት መመስከርን የሚከለክለው ትእዛዝ ለሁለቱም እኩል የተሰጠ ነው።

ጥንቆላ የለም አንልም፤ ቤተ ክርስቲያን ጥንቆላን፣ ሟርትንና መተትን አጥብቃ ታወግዛለችና። የሚያሳዝነው ግን በሳሙና ላይ ያለውን ጨረቃ የሚሸሽ ሰው፣ ዕቃ ሲጠፋበት ወይም ትዳሩ ሲናጋ በማታ ተደብቆ ወደ ጠንቋይ ቤት ሲሄድ፣ ለልጁም አንገት የአስማት ክታብ ሲያስጽፍ መገኘቱ ነው። ጥንቆላ በፋብሪካ ምልክት ላይ ሲፈለግ፣ በገዛ ደጃችን ያለው ሳይታይ ይቀራል።

ስለዚህ የቤት እመቤትና የቤት አባወራ፣ እንዲህ ያለ ወሬ በደረሳችሁ ጊዜ በመጀመሪያ «ያየው ማን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ቀጥሎም «በዚህ ወሬ የሚጠቀመው ማን ነው?» በሉ። ካላረጋገጣችሁት ለሌላው አታስተላልፉት፤ «ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች» እንዳይሆንባችሁ። ሕፃናትንም በዕቃ ምልክት አታስፈራሩ፤ የፍርሃት ትምህርት እምነትን አያጸናምና። በመጠቅለያው ላይ መመርመር ከፈለጋችሁ የሚመረመር ነገር ሞልቷል፤ የተሠራበትና የአገልግሎት ጊዜው የሚያበቃበት ቀን፣ የእሽጉ ጤንነት፣ የሠሪው አድራሻ፣ በጾም ወራትም ብስኩቱ ወተት ወይም ቅቤ ያለበት መሆን አለመሆኑ። አጠራጣሪ ምግብ ወይም መድኃኒት ብታገኙ ለጎረቤት ከማውራት ይልቅ ለጤና ጽሕፈት ቤት ማመልከት ይገባል።

ሸክላ ሠሪዋም በገበያ ስትገኝ ዋጋዋን ሳታጓድሉ ክፈሉ፤ በስሟ ጥሩ፣ ጤንነቷንም ጠይቁ። ልጆቻችሁ ይህን ሲያዩ ያድጋሉ፤ ሰውን ማክበርንም ከዚያ ይማራሉ።