የውሻችሁን ሐኪም ስልክ ይዛችኋል?

ከአምቦም ሆነ ከጉደር በውሻ የተነከሰ ልጅ ሲመጣልኝ «ውሻው ተከትቧል?» ብዬ እጠይቃለሁ። ብዙዎች «እኔንጃ ዶክተር» ይሉኛል።

በቅርቡ ግን አንድ አባት ለእንስሳት ሐኪሙ ደወለ። ሐኪሙ ሳይቆጣ፣ «የክትባቱ ጊዜ አልፏል። እንዳትገድሉት! አስራችሁ አቆዩት፣ 10 ቀን እየመጣሁ አየዋለሁ» አለው። እኛ ሳንጠብቅ የልጁን ክትባት ጀመርን። ውሻው 10ኛ ቀኑን በጤና ጨረሰ፤ ሲነክስ ቫይረሱ ምራቁ ውስጥ አልነበረም ማለት ነው። እፎይ!

የእንስሳት ሐኪም ወዳጆቼ፣ ባለቤቱን ከወቀሳችሁት ይደብቃችኋል። የውሻውን ስም ጠይቁት፣ የቀጣዩን ክትባት ቀን ጽፋችሁ ስጡት፣ ሲደርስ ደውሉለት።

እናንተም ከተነከሳችሁ ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውሃ 15 ደቂቃ እጠቡ፤ ከዚያ ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ጤና ተቋም! የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል። ሼር አድርጉት።