ሰይፍ የለመደ እጅ ዕርፍ ሲጨብጥ

«ቪንላንድ ሳጋ» ሲዝን ሁለት ላይ ሲደርሱ «ይሄማ የገበሬ ታሪክ ሆነ!» ብለው ያቋረጡ ጓደኞች አሉኝ። አልፈርድባቸውም። እ.አ.አ. በ2019 የወጣው የመጀመሪያው ሲዝን ከጦርነት ወደ ጦርነት የሚሮጥ ነበር። በጃንዋሪ 2023 የጀመረው ሁለተኛው ግን ከ24 ክፍሎቹ አብዛኛውን የሚያሳልፈው አንድ እርሻ ላይ ነው። አድናቂዎቹም በቀልድ «የእርሻ ሳጋ» ብለውታል። እኔ ግን ካየኋቸው የአኒሜ ሁለተኛ ሲዝኖች ይሄን አስበልጣለሁ። ምክንያቴ አይናር ነው። ያላያችሁት ካላችሁ፣ ከዚህ በኋላ ታሪኩን መናገሬ ስለማይቀር እዚሁ ላይ ተመለሱ።

ለማስታወስ ያህል፣ ቶርፊን ልጅ ሳለ አባቱ ዓይኑ እያየ ተገደለ። ገዳዩን አስከላድን በፍልሚያ ለመበቀል ሲል ከዚያው ሰውዬ ጭፍራ ጋር እየዘረፈና እየገደለ አደገ። ሲዝን አንድ ሲያልቅ ግን አስከላድን የገደለው ልዑል ካኑት ነው። ቶርፊን የሚኖርለት ጠላት እንኳ አጣ። ሲዝን ሁለት ላይ ዴንማርክ ውስጥ በኬቲል እርሻ ባሪያ ሆኖ እናገኘዋለን። ቢመቱት ዝም ነው፣ ቢሰድቡት ዝም ነው። ሌሊት ግን በቅዠት ይጮኻል።

እዚህ ላይ አይናር ይመጣል። እንግሊዛዊ ገበሬ ነው። መንደሩ በጦረኞች ተዘርፎ፣ እናቱና እህቱ ሞተውበት፣ እሱም ተሸጦ የመጣ። ለሁለቱ አንድ ሥራ ተሰጣቸው፦ ደኑን መንጥረው ስንዴ መዝራት። ከምርቱ በሚያገኙት ገንዘብ ነጻነታቸውን መግዛት ይችላሉ።

ጓደኝነታቸው በትልልቅ ንግግር አልተሠራም። ዛፍ አብረው ቆረጡ፣ ጉቶ አብረው ነቀሉ። ፈረስና ማረሻ ሲያስፈልጋቸው የኬቲልን ሽማግሌ አባት ሥራ እየሠሩ ተዋሱ። እርሻ የሚያውቀው አይናር ነው፣ ቶርፊን ተማሪ ነው። ዕድሜውን ሁሉ ሲያጠፋ የኖረ ልጅ የዘራው ስንዴ በቅሎ ሲያይ ፊቱ ላይ የሚታየው ነገር ለእኔ ከየትኛውም የፍልሚያ ትዕይንት ይበልጣል።

ከባዱ ነገር አይናር የቶርፊንን ያለፈ ሕይወት ሲያውቅ ነው። ቤተሰቡን የገደለው ቶርፊን አይደለም፤ ግን እንደነዚያ ያለ ሰው ነበር። አስቡት እስኪ፣ ቶርፊን የገደላቸውን ሰዎች ይቅርታ መጠየቅ አይችልም፣ ሞተዋል። በሕይወት ኖሮ የመቆጣት መብት ያለው፣ በየቀኑም ፊት ለፊቱ የሚቆመው አይናር ብቻ ነው። ሁሉን የሚያጸድቅለት ጓደኛ ቢሆን ኖሮ ቶርፊን የሚለወጥ አይመስለኝም። የለወጠው ጥፋቱን ሳያቃልልለት አብሮት የቀረ ሰው ነው።

ምቀኞች የዘሩትን ስንዴ ነቅለው ይጥሉታል፣ ጠብም ይነሳል። ቶርፊን ራሱን ስቶ የገደላቸውን ሰዎች በሕልሙ ያያል። ሲነቃ ዓመፅን እስከ መጨረሻው ለመተው ይምላል። ብዙ አኒሜ ላይ ማደግ ማለት አዲስ ኃይል ማግኘት ነው። እዚህ ግን ማደግ ማለት መምታት እየቻሉ አለመምታት ነው። መሐላው ባዶ ቃል አለመሆኑም መጨረሻው ላይ ይፈተናል፦ አሁን ንጉሥ የሆነውን ካኑትን ለማነጋገር ብሎ አንድም ሳይመልስ 100 ቡጢ ይቀበላል።

አንድ ቅሬታ ግን አለኝ። አርንሄይድ፣ አይናር የወደዳት ባሪያ፣ በኬቲል ዱላ ትሞታለች። ሞቷ ለሁለቱ ወንዶች መንገድ ማሳያ ሆኖ ያልፋል። የሷ ሕይወት ከዚያ በላይ ቦታ ይገባው ነበር። ያም ሆኖ ታሪኩ አይዋሽም፤ አንድ ሰው ጥሩ ለመሆን ስለወሰነ ብቻ በዙሪያው ያለው ግፍ እንደማይቆም ያሳያል።

ስለዚህ ያቋረጣችሁ ካላችሁ፣ እባካችሁ እስከ ክፍል 9 ታገሡት። ስንዴ ተዘርቶ በማግስቱ አይታጨድም፣ ሰውም እንደዚያው ነው።