ወንዙ ሊዘጋ አንድ ቀን ሲቀረው

«ዓሣን መብላት በብልሃት» ይላል ያገራችን ሰው። ስለ አበላሉ የተነገረውን ብልሃት ሁላችንም እናውቀዋለን። ማጥመድን በጊዜው ስለ መተው ብልሃት ግን ብዙ ሲነገር አይሰማም። ዛሬ ለአንባቢዎቻችን የምናቀርበው ይህንኑ ነው። ነገሩን የምንጀምረው ከሩቅ፣ ከእንግሊዝ አገር ወንዞች ሲሆን የምንጨርሰው ከጣና ዳር ነው። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መጋቢት 5 ቀን በእኛ ዘንድ የአቦ በዓል ነው፤ በእንግሊዞች ዘንድ ማርች 14 ይባላል። በዚያን ቀን በቴምዝ፣ በትሬንት ወይም በሴቨርን ዳር የሚያልፍ ሰው፣ ወፍራም ካፖርት ደርበው በትናንሽ መቀመጫ ላይ የተቀመጡ፣ ረዥም ዘንግ ይዘው ውሃውን የሚመለከቱ ሰዎች ያያል። ቀኑ ቢበርድም አንዳንዶቹ ሌሊቱ እስኪጋመስ ድረስ አይነሡም። ምክንያቱም እኩለ ሌሊት ላይ ወንዙ ይዘጋል። ውሃውስ መፍሰሱን አይተውም፤ ነገር ግን ከመጋቢት 6 ቀን እስከ ሰኔ 8 ቀን ድረስ፣ ማለት ለ93 ቀን፣ «ኮርስ» የሚባሉትን ዓሦች ከወንዝ ማጥመድ በሕግ የተከለከለ ነው። ሰኔ 9 ቀን እንደገና ይፈቀዳል።

«ኮርስ» የሚለው ቃል በእንግሊዝኛ ሻካራ ወይም ተራ ማለት ነው። እንግሊዞች የወንዝ ዓሦቻቸውን በሁለት ወገን ይከፍሏቸዋል። በአንደኛው ወገን ሳልሞንና ትራውት አሉ፤ ትራውትን ከውጭ መጥቶ በባሌ ወንዞች ስለ ገባ እኛም እናውቀዋለን። እነዚህን ማጥመድ ብዙውን ጊዜ ባለ ርስቶችና ባለ ገንዘቦች የሚያዘወትሩት ነገር ነበር። በሁለተኛው ወገን የቀሩት ሁሉ አሉ፤ ሮች፣ ቸብ፣ ባርብል፣ ብሪም፣ ዴስ፣ ፐርችና ፓይክ። እነዚህ የሠራተኛው ሕዝብ ዓሦች ሆኑ። ይሁን እንጂ ተራ መባላቸው አላስናቃቸውም። ኢዛክ ዋልተን የሚባለው ደራሲ በ1653 ባሳተመው ዝነኛ መጽሐፉ ስለ ትራውት ብቻ ሳይሆን ስለ ቸብ፣ ስለ ፓይክና ስለ ባርብልም ምዕራፍ ምዕራፍ ሰጥቶ ጽፏል። በዛሬው ጊዜ አብዛኞቹ አጥማጆች እነዚህን ዓሦች አይበሏቸውም። ይይዟቸዋል፣ ይመዝኗቸዋል፣ ከዚያም በሕይወታቸው ወደ ውሃው ይመልሷቸዋል።

እንግዲህ የማይበላ ዓሣ ለማጥመድ በብርድ መቀመጥ ምን ይባላል? የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። መልሱ በወንዙ ውስጥ ነው። የዓሣ ሰውነት የራሱ ሙቀት የለውም፤ ውሃው ሲቀዘቅዝ አብሮ ይቀዘቅዛል፣ ሲሞቅ አብሮ ይሞቃል። ስለዚህ በክረምታቸው በታኅሣሥና በጥር ዓሣው ብዙ አይንቀሳቀስም፣ ብዙም አይበላም። በየካቲት መጨረሻና በመጋቢት መጀመሪያ ግን ቀኑ ይረዝማል። ከምዕራብ በኩል ከውቅያኖሱ ለብ ያለ ነፋስና ዝናብ ሲመጣ ውሃው ቀስ በቀስ ይሞቃል። እንቁላል የምትጥልበት ወራት የቀረበባት ዓሣም ምግብ መፈለግ ትጀምራለች። ወራቱ ሊያልቅ ጥቂት ቀን ሲቀረው አጥማጁ ሌላውን ሥራ ሁሉ ትቶ ወደ ወንዝ የሚሮጠው ከዚህ የተነሣ ነው።

ታዲያ ያ ሳምንት ሁልጊዜ መልካም አይደለም። በተራራ ላይ ያለ በረዶ ቀልጦ ወደ ወንዙ ከገባ፣ የውሃው ሙቀት በድንገት ይወርድና ዓሣው አፉን ይዘጋል። ስለዚህ ብልህ አጥማጅ ከዘንጉ በፊት የሚያወጣው የሙቀት መለኪያውን ነው። ውሃው 4 ወይም 5 ዲግሪ ብቻ ቢሆን፣ ብርድ የሚችለውን ቸብን ይፈልጋል። 8 ዲግሪ ደርሶ ገና እየጨመረ ከሆነ ባርብልን ተስፋ ያደርጋል። ከቁጥሩም ይልቅ የሚመለከተው አካሄዱን ነው፤ ወደ ላይ የሚሄድ 6 ዲግሪ ወደ ታች ከሚሄድ 8 ዲግሪ ይሻላል።

ቀጥሎ ውሃውን ያነባል። ዓሣ በብርድ ጊዜ ጉልበቱን ስለሚቆጥብ በኃይለኛው ፍሰት መካከል አይቆምም። የሚያርፈው በወንዙ መታጠፊያ፣ በዛፍ ሥር በተቦረቦረ ዳርቻ፣ ወይም ፈጣኑና ቀርፋፋው ውሃ በሚገናኙበት መስመር ላይ ነው። ወንዙ ሞልቶ ከደፈረሰ ዓይን ስለማያገለግለው ሽታ ያለው ምግብ፣ ለምሳሌ ከአይብ የተድቦለቦለ ሊጥ፣ በመንጠቆው ላይ ይሰካና በእርሳስ ክብደት ወደ ታች ይሰደዳል። ውሃው ከጠራ ደግሞ ቀጭን ክር፣ ትንሽ መንጠቆና ቁራሽ ነጭ ዳቦ ይበቃል። ተንሳፋፊው ምልክት በውሃው ላይ ቁልቁል ሲሄድ አጥማጁ ክሩን በጣቱ እየለቀቀ ይከተለዋል። ምልክቱ ድንገት ሲሰምጥ ዘንጉን ቀና ያደርጋል። ያን ጊዜ ቀይ ክንፍ ያላትና ጎኗ እንደ ብር የሚያበራ ሮች ከውሃው ትወጣለች።

ዋናው ጥያቄ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። በዚያ ሳምንት የምትያዘው ዓሣ ከዓመቱ ሁሉ ይልቅ ከባድ የምትሆንበት ጊዜ ነው፤ ክብደቷም አንዱ ምክንያት በሆዷ የተሸከመችው እንቁላል ነው። አጥማጁ «ይህን ያህል መዘነች» ብሎ የሚኮራበት ኪሎ፣ ከፊሉ የመጪው ዘመን ዓሣ ነው። ስለዚህ ጨዋ አጥማጅ እጁን ሳያረጥብ ዓሣ አይነካም፤ ቆዳዋን ከበሽታ የሚጠብቀውን ልጋግ እንዳይገፍፍባት ነው። በደረቅ መሬት ላይ አያጋድማትም፤ ለብዙ ሰዓትም በመረብ ውስጥ አያቆያትም። ቶሎ ይመልሳታል። ይህን ሁሉ አድርጎም መጋቢት 5 እኩለ ሌሊት ሲሆን ዘንጉን አጣጥፎ ይሄዳል።

ይህን ሕግ ማን አወጣው? ያለ ሕዝቡ ፈቃድ ከላይ የወረደ ትእዛዝ የሚመስለው ሰው ይኖራል፤ ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ሼፊልድ ቢላዋና ብረት የሚሠራበት ከተማ ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት የዚያ ከተማ ሠራተኞች በዕረፍታቸው ቀን ባቡር ተሳፍረው ወደ ወንዝ ይሄዱ ነበር። አጥማጁ ሲበዛ ዓሣው አነሰ። እንቁላል በሚጣልበት ወራት ማጥመድ እንዲቀር የጠየቁት አጥማጆቹ ራሳቸው ነበሩ፤ ጥያቄያቸውንም የከተማው የፓርላማ አባል ሙንዴላ ይዞት ቀረበ። በ1878 የወጣው የወንዝ ዓሣ ሕግ በእርሱ ስም ይጠራል። ዓሣውን የሚፈልገው ሰው ራሱ «ለጊዜው ከልክሉን» አለ ማለት ነው።

ሕጉ ፍጹም ነው አንልም። ፓይክ እንቁላሉን ብዙ ጊዜ የሚጥለው ወንዙ ከመዘጋቱ በፊት ወይም በዚያው ሰሞን ነው። በሌላ በኩል ብርዱ በበረታበት ዓመት ቸብና ባርብል ከሰኔ 9 በኋላም በጠጠር ላይ እንቁላል ሲጥሉ ይታያሉ። አንድ ቀን ለሁሉም ዓሣ ልክ ሊሆን አይችልም። ይህ ክርክር ስለ በረታ በ1995 ለአብዛኞቹ ሐይቆችና ኩሬዎች፣ በ2000 ደግሞ ለአብዛኞቹ ቦዮች ክልከላው ተነሣ። በወንዞች ላይ ግን ጸንቶ ቀረ። አንዳንዶች «በወንዝም ይነሣ» ይላሉ፤ ሌሎች ደግሞ «ወንዙና ዳርቻው በዓመት ሦስት ወር ቢያርፉ ምን ይጎዳል?» ብለው ይመልሳሉ። ሚዛኑን ለአንባቢ እንተዋለን። ሆኖም አንድ ነገር ግልጽ ነው፤ በሌሊት በእያንዳንዱ የወንዝ ዳር ዘበኛ ሊቆም አይችልም። ሕጉ የሚኖረው ብቻውን የተቀመጠው ሰው ሰዓቱን አይቶ ሲነሣ ነው።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። ባርብል ከካርፕ ዘመዶች አንዱ ነው። በጣና ሐይቅ ዓሣ አስጋሪዎች «ነጭ ዓሣ» የሚሏቸውም የዚሁ ቤተሰብ ናቸው። በጣና ከእነዚህ ወደ 15 የሚጠጉ፣ በዓለም በሌላ ስፍራ የማይገኙ ዓይነቶች እንዳሉ ሊቃውንት አስረድተዋል። ከእነርሱም ቢያንስ ሰባቱ በክረምቱ መጨረሻ፣ ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ፣ ከሐይቁ ወጥተው እንደ ጉማራና ርብ ባሉት ወንዞች ሽቅብ ይጓዛሉ። እንደ እንግሊዙ ባርብል ጠጠርና ንጹሕ ወራጅ ውሃ ፈልገው እንቁላላቸውን በዚያ ይጥላሉ። ለመጓዝም በወንዙ አፍ ተሰብስበው ይቆያሉ። መረብ የያዘ ሰው በአንድ ሌሊት ብዙ ሊያገኝ የሚችለው በዚያ ነው፤ የሚጠፋውም ዘር ብዙ የሚሆነው በዚያው ነው። በ1986 የሞተር ጀልባና ዘመናዊ መረብ በጣና ሥራ ከጀመሩ በኋላ፣ በ1990ዎቹ ውስጥ ወደ ወንዝ የሚወጡት ዓሦች እጅግ እንደ ቀነሱ ጥናት አሳይቷል። ለግንባታ ከወንዝ የሚዛቀው አሸዋና ጠጠርም መጣያቸውን ያበላሸዋል።

ይህን ስንል የእንግሊዝን ሕግ እንደ ልብስ ገዝተን እንልበስ ማለታችን አይደለም። መጋቢትና ሰኔ ለጣና ዓሣ ምኑም አይደሉም። ከዚህም የሚበልጥ ልዩነት አለ። እንግሊዛዊው 93 ቀን ቢታገድ የሚቀርበት ጨዋታው ነው፤ የጣናው አስጋሪ ግን የሚቀርበት የልጆቹ እራት ነው። ስለዚህ «በነሐሴና በመስከረም ከወንዝ አፍ ራቅ» የሚለው ሰው፣ አስጋሪው በዚያን ጊዜ ምን እንደሚበላና በሐይቁ በየትኛው ስፍራ ቆሮሶና አምባዛ ሊያሰግር እንደሚችል አብሮ ሊያስብ ይገባዋል። ከእንግሊዝ ልንወስደው የሚገባን ቀኑን ሳይሆን አሠራሩን ነው፤ ወንዙ እንዲያርፍ የጠየቀው ከወንዙ የሚጠቀመው ሰው ነበርና። የጉማራን አፍ ከማንም ይበልጥ የሚያውቀው በዚያ መረቡን የሚጥለው አስጋሪ ነው። ለምክር ሲቀመጡ መጀመሪያ መጠራት ያለበትም እርሱ ነው።